እንተሳሰባለን

በአማርኛችን ውስጥ እንደ «እንተሳሰባለን» ብዙ ሰው ያከሰረ ቃል ያለ አይመስለኝም። ሲሰሙት ደግሞ እንዴት ያምራል! ውስጡ ሒሳብም አለ፣ ሐሳብም አለ። «ሒሳባችንን እንዘጋለን» ለማለት ነው? ወይስ «አንተ ለእኔ፣ እኔም ለአንተ እናስባለን» ለማለት? ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ተናጋሪው በአንዱ ትርጉም ሲናገር ሰሚው በሌላው ይሰማና፣ ሥራው ካለቀ በኋላ ሁለቱም «እኔ እኮ እንዲህ መስሎኝ ነበር» ይባባላሉ። ከዚያ ወዲያ ያለው ኩርፊያ ነው፤ ብዙ ጊዜም ስድብ ይከተለዋል።

ይህን ያነሳሁት በፍኖተ ሰላምና በቡሬ ስላሉ ወጣቶች ነው። ላፕቶፕ ታቅፈው፣ ላፕቶፕ የሌላቸውም በስልካቸው ብቻ፣ በኢንተርኔት ሥራ ተቀብለው የሚያድሩ ልጆች አሉ። አዲስ አበባ ላለ ሱቅ ሎጎ ይሠራሉ፤ የባሕር ዳር ሠርግ ቪዲዮ ይቆርጣሉ ይቀጥላሉ፤ አሜሪካ ለሚኖር ሰው ሰነድ ይተረጉማሉ፤ የተማሪ መመረቂያ ጽሑፍ ይተይባሉ። ፍሪላንሰር ይሏቸዋል። አሠሪያቸውን በዓይናቸው አይተውት አያውቁም፤ የሚያውቁት የቴሌግራም ስሙንና ፎቶውን ነው። ፎቶውም አንዳንዴ የአበባ ነው።

መንግሥት በሐምሌ 2016 ዓ.ም ከተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ ጋር ሆኖ «5 ሚሊዮን ኮደሮች» የተባለውን የሥልጠና ዘመቻ ጀምሯል። ማሠልጠኑ ደግ ነገር ነው። ግን ሙያውን የተማረ ልጅ የሙያውን ዋጋ እንዴት አድርጎ እንደሚቀበል ማን ያስተምረው? ሥራ መያዝ አንድ ነገር ነው፤ የሠሩበትን መቀበል ሌላ ነገር።

አንድ ጉዳይ ልንገራችሁ። ፍኖተ ሰላም የምትኖር የማውቃት ልጅ ከአንድ አዲስ አበቤ የትርጉም ሥራ ተቀበለች፤ 60 ገጽ። «ጥሩ አድርገሽ ሥሪልኝ፣ እንተሳሰባለን» አላት። እሷ በልቧ በገጽ 150 ብር አስባለች፤ 9 ሺህ ብር ማለት ነው። እሱ ደግሞ በልቡ «ለጠቅላላው 4 ሺህ ብር ብሰጣት ደስ ይላታል» ብሏል። ሁለቱም ያሰቡትን አፍ አውጥተው አልተናገሩም። እሷ «ገና ሳልሠራ ስለ ገንዘብ ባወራ ምን ይለኛል» አለች፤ እሱም «አሁን ዋጋ ብጠራ ትወደድብኛለች» አለ።

ሥራው ሄደ። «ትንሽ ማስተካከያ» መጣች። ወገኖቼ፣ ይቺ «ትንሽ ማስተካከያ» የምትባለዋን ተጠንቀቋት! በመጀመሪያ ሁለት ቃል ነበረች፤ ቀጥላ ሰንጠረዦቹን እንደገና መሥራት ሆነች፤ በሦስተኛው ሳምንት መጽሐፉን አሰማምሮ ለማተሚያ ቤት ማዘጋጀት ሆነች። በመጨረሻ ልጅቱ እንደምንም ድፍረት አግኝታ ሒሳቧን ስትጠይቅ ሰውየው 4 ሺሁን ጠራ። እሷ ደነገጠች፤ እሱ ተቆጣ። በቴሌግራም ደግሞ ከ2019 እ.ኤ.አ. ወዲህ አንደኛው ወገን የተጻጻፉትን ከሁለቱም ስልክ ላይ መሰረዝ ይችላል። ሰረዘው። ብቸኛው ምስክር ጠፋ ማለት ነው።

ይህን ታሪክ የሰማ ሁሉ «ሌባ ነው!» ይላል። እኔ ግን ነገሩ ከዚያ በፊት የተበላሸ ይመስለኛል። መልእክቱን መሰረዙ ነውር ነው፤ ምንም አያከራክርም። ጠቡ ግን የተጀመረው ያኔ አይደለም፤ ሥራው ሳይጀመር፣ «እንተሳሰባለን» በተባለባት ደቂቃ ነው። የክፍያ ጠብ የሚፈነዳው መጨረሻ ላይ ይሁን እንጂ የሚዘራው መጀመሪያ ላይ ነው።

አሁን ከከተማው ወደ ገጠሩ ወጣ እንበል። ፍኖተ ሰላምና ቡሬ አካባቢ፣ በ«ፍቅር እስከ መቃብር» ስሟን በምናውቃት በማንኩሳም ሆነ ከዚያ ወዲህና ወዲያ፣ ጤፍ የደረሰለት ገበሬ አጫጅ ሲፈልግ የመጀመሪያው ጥያቄ «በቀን ነው በቁርጥ?» የሚል ነው። በቀን ከሆነ ስንት ሰዓት ይገባል፣ ስንት ሰዓት ይወጣል፣ ምሳው የማን ነው ይባላል። በቁርጥ ከሆነ ደግሞ ባለ ማሳው አጫጁን ይዞ ይዞራል። «ከዚች ግራር እስከዚያ ቦይ» ይለዋል። ማጨድ ብቻ ነው ወይስ መከመርም አለበት? ዝናብ ቢመጣስ? ይህ ሁሉ የሚነገረው ማጭዱ ሳይነሳ ነው። ማንም «ምን ይለኛል» አይልም። እንዲያውም ሳይጠይቅ ሥራ የጀመረ ሰው ካለ እንደ ሞኝ ነው የሚታየው።

ወንፈልንም ቢሆን እንደ ነጻ ዕርዳታ የሚያየው የከተማ ሰው ነው። ገበሬው ያውቀዋል፤ ወንፈል የቀን ብድር ነው። ዛሬ እኔ ማሳ ላይ የዋልክ እንደሆነ ነገ እኔም አንተ ማሳ ላይ እውላለሁ። በሬ ይዞ የመጣና ባዶ እጁን የመጣም አይምታቱም። ጎረቤታሞች ናቸው፣ አበ ልጆች ናቸው፣ አንድ ማኅበር ይጠጣሉ፤ ግን ይቆጥራሉ። ፍቅራቸው የቆየው ባይቆጥሩ ኖሮ ነው? አይደለም፤ ስለሚቆጥሩ ነው።

የማይተዋወቁ ሰዎች ሲገናኙ ደግሞ ቀብድና ዋስ አለ። ቡሬ በበርበሬዋ የታወቀች ከተማ ናት። ነጋዴው በርበሬ ሲዋዋል ቀብድ ይሰጣል፤ ካላመኑት ዋስ ይጠራል። ዋሱ ሁለቱም የሚያውቁት ሰው ነው። ቢጣሉ ደግሞ ሽማግሌ አለ። እንግዲህ ልብ በሉ፦ የሥራው ወሰን፣ ቀብድ፣ ዋስ፣ ሽማግሌ። አራት ነገር።

ነጮቹስ ምን አደረጉ? በዓለም ላይ ፍሪላንሰሮችን ከአሠሪ ከሚያገናኙት መካከል አፕወርክ የሚባለው አንዱ ነው። ገብታችሁ ብታዩት ሥራው በሁለት ይከፈላል፦ በሰዓት ወይም በቁርጥ። የእኛው «በቀን ነው በቁርጥ?» እኮ ነው! በቁርጥ ከሆነ አሠሪው ገንዘቡን ሥራው ሳይጀመር በመሐል ያስቀምጣል፤ አሠሪውም አያነሳው፣ ሠሪውም አይነካው። ሥራው ተከፋፍሎ እያንዳንዱ ክፍል የየራሱ ዋጋ ሊቆረጥለት ይችላል። ሠሪው አስረክቦ አሠሪው 14 ቀን ዝም ካለ ገንዘቡ በራሱ ለሠሪው ይለቀቃል። ፋይቨር በሚባለው ላይ ደግሞ ከርክክብ በኋላ 3 ቀን ዝም የተባለበት ሥራ እንደተጠናቀቀ ይቆጠራል። እዚያ ዝምታ ማለት «ተቀብያለሁ» ማለት ነው። እኛ ጋ ዝምታ ማለት ምን እንደሆነ ታውቁታላችሁ።

ይህን የምለው የባዕድ ነገር ለማወደስ አይደለም። እነዚህም ድርጅቶች ከሠሪው ገቢ ላይ ድርሻቸውን ቆርጠው ይወስዳሉ። ሕጋቸው ደግሞ ለሰው ሁኔታ ግድ የለውም። አፕወርክ ላይ አሠሪው የተቀመጠው ገንዘብ ይመለስልኝ ብሎ ሲጠይቅ ሠሪው በ7 ቀን ውስጥ መልስ ካልሰጠ ገንዘቡ ወደ አሠሪው ይመለሳል። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል ግጭቱን ተከትሎ የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ ነበር። እስቲ አስቡት፤ ሥራውን ጨርሶ የተቀመጠ የፍኖተ ሰላም ልጅ፣ መስመር የለም፣ ሰባቱ ቀን ይቆጠራል። ኮምፒዩተር «አካባቢው ኔትወርክ የለውም» ብሎ አያዝንም። ሽማግሌ ግን ያዝናል። ስለዚህ እኛ ያለን ነገር ከእነሱ የማይሻልበት ምክንያት የለም፤ ብንሠራበት።

እዚህ ላይ ነው እኔን የሚያናድደኝ። አያቶቻችን ቀብድና ዋስ ነበራቸው። ፈረንጆቹ ያንኑ ነገር በኮምፒዩተር ሠሩት። እኛ በቴሌግራም የምንሠራና የምናሠራ ሰዎች ደግሞ ሁለቱንም ትተን መሐል ሜዳ ላይ ቆመናል። የአያቶቻችንን «ኋላ ቀር» አልነው፤ የፈረንጆቹን «ለእኛ አይሆንም» አልነው። በእጃችን የቀረው «እንተሳሰባለን» ብቻ ነው።

አሠሪዎችን ልናገር። በተለይ በከተማና በውጭ አገር ያላችሁ፣ ጤፍ ያጨደላችሁን ሰው ላቡን አይታችሁ ትከፍላላችሁ። ኮምፒዩተር ላይ የሠራውን ግን «ቁጭ ብሎ እኮ ነው» ትላላችሁ። «ለአንተ ቀላል ነው»፣ «ስም ታገኝበታለህ»፣ «መጀመሪያ ልየውና ከወደድኩት እከፍላለሁ» ይባላል። ልብስ ሰፊ ዘንድ ሄዳችሁ «ሙሉ ልብሱን ስፋልኝና ካማረብኝ እከፍልሃለሁ» ትላላችሁ? ጨርቁን ቆርጦ የለም እንዴ! የዚህ ልጅ ጨርቁ ጊዜው ነው፤ ተቆርጦ አይቀጠልም። የባሰው ደግሞ የዘመድ አሠሪ ነው። «የአገር ልጅ ነሽ ብዬ እኮ ነው ሥራ የሰጠሁሽ» ይላል፤ የአገር ልጅነቷ ሥራ ሲሰጣት ይታወሰዋል፣ ሲከፍላት ይረሳዋል።

ፍሪላንሰሮችንም አልምራችሁም። ቀብድ ተቀብሎ ስልኩን የሚያጠፋ አለ። ከኢንተርኔት ላይ የሌላ ሰው ሎጎ አንስቶ ቀለሙን ቀይሮ የሚሸጥ አለ። «ነገ» እያለ ወር የሚያስቆጥር፣ ሥራው ግማሽ ላይ ሲደርስ ዋጋ የሚጨምርም አለ። ፍኖተ ሰላም አካባቢ የሚፈሰው የብር ወንዝ በክረምት ሞልቶ በበጋ ይጎድላል፤ የእነዚህ ሰዎች ትጋትም እንዲሁ ነው፤ ቀብዱ ሲገባ ይሞላል፣ ቀብዱ ሲያልቅ ይደርቃል። የአንዱ አታላይ ዕዳ ደግሞ የሚከፈለው በሌላው ታማኝ ልጅ ነው፤ የሚቀጥለው አሠሪ «ባለፈው ተበልቻለሁ» ብሎ ለማንም ቀብድ አልሰጥም ይላል።

ሕጉስ ምን ይላል? ብዙ ወጣቶች «ሠራተኛና ማኅበራዊ ጉዳይ ሄጄ እከሳለሁ» ሲሉ እሰማለሁ። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በራሱ የንግድ ሥራ ወይም በራሱ የሙያ ኃላፊነት ዋጋ ተቀብሎ የሚሠራን ሰው አይመለከትም። ፍሪላንሰሩ ያለው በ1952 ዓ.ም በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ውስጥ ነው። ቁጥር 2610 አንድ ሰው በራሱ ኃላፊነት የተወሰነ ውጤት አስገኝቶ ዋጋውን የሚቀበልበትን ውል ይደነግጋል፤ አናጢውም ሎጎ ሠሪውም እዚያ ይገኛሉ። እንዲህ ያለው ውል የግድ በወረቀት መሆን የለበትም፤ በቁጥር 1719 መሠረት ሕጉ የተለየ አጻጻፍ ካላዘዘ በቀር የቃል ውልም ውል ነው። ችግሩ ማስረዳቱ ላይ ነው። እዚህ ላይ የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 ይረዳል፤ መልእክት ኤሌክትሮኒክ በመሆኑ ብቻ ሕጋዊ ውጤት አይነፈገውም። ስለዚህ የተጻጻፋችሁትን ስክሪን ሾት እያደረጋችሁ ሌላ ቦታ አስቀምጡ፤ ቴሌግራም ላይ ብቻ አትተዉት።

ስለ ቀብድም ሕጉ ዝም አላለም። ቁጥር 1883 ቀብድ መስጠት ውል ለመኖሩ ማስረጃ ነው ይላል። ቁጥር 1885 ደግሞ፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ ቀብድ የሰጠው ወገን ውሉን ቢያፈርስ ቀብዱን ያጣል፤ የተቀበለው ቢያፈርስ እጥፍ አድርጎ ይመልሳል። አያቶቻችን በገበያ የሚያውቁትን ሕጉ በወረቀት አስፍሮታል። ከ60 ዓመት በላይ ሆኖታል። በቴሌግራም ስንዋዋል ግን ማን ያስታውሰዋል?

ይሁንና ለ5 ሺህ ብር ማን ፍርድ ቤት ይቆማል? ፍኖተ ሰላም ከአዲስ አበባ ወደ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። መጓጓዣው፣ አልጋው፣ ቀጠሮው ተደምሮ ከዕዳው ይበልጣል። ይህ የእኛ ብቻ ችግር እንዳይመስላችሁ። ኒው ዮርክ ከተማ እንኳ ለፍሪላንሰሮች የተለየ ሕግ አውጥታ በሥራ ላይ ያዋለችው እ.ኤ.አ. በ2017 ነው። ከ800 ዶላር ጀምሮ ያለ ሥራ የጽሑፍ ውል ይኑረው፣ የመክፈያ ቀን ካልተጠቀሰም ሥራው ባለቀ በ30 ቀን ውስጥ ይከፈል ይላል። ያ ሁሉ ፍርድ ቤትና ጠበቃ ባለበት ከተማ «እንተሳሰባለን» ሰውን አስለቅሶ ነበር ማለት ነው።

ፍርድ ቤቱ ሲርቅ አንዳንዱ ወደ ፌስቡክ ይሮጣል። የባለ ዕዳውን ፎቶ ለጥፎ «ይህን ሌባ እወቁት» ይላል። ላይክ ይዘንባል፤ ገንዘቡ ግን አይመጣም። እንዲያውም የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 በኮምፒዩተር የሰውን ክብርና ስም ማጉደፍን ወንጀል ስላደረገው ከሳሹ ራሱ ተከሳሽ ሊሆን ይችላል። 5 ሺህ ብር ሲያሳድዱ እስር ቤት ደጃፍ መድረስ ምን ይባላል?

ታዲያ ምን ይሻላል? ቡሬ ውስጥ ብዙ የበርበሬ ዕዳ ያስታረቁ አንድ አባት አሉ። ጠበኞቹ ፊታቸው ሲቀርቡ «ማን ነው የበደለ?» ብለው አይጀምሩም። የመጀመሪያ ጥያቄያቸው «የማትጣሉበት ስንት ነው?» የሚል ነው። አንዱ 9 ሺህ፣ አንዱ 4 ሺህ ካለ 4 ሺህ ላይ ጠብ የለም ማለት ነው። «እሱን እዚሁ ቁጠርና ስጥ» ይላሉ። ከዚያ በኋላ የቀረው 5 ሺህ ብቻ ነው፤ ሰውም እጁ ላይ የተወሰነ ነገር ሲይዝ ድምፁ ይቀንሳል። ከአፕወርክም ከኒው ዮርክም ይልቅ እኔ የወደድኩት ይህን ጥያቄ ነው። አብዛኞቹ አሠሪዎች የሚያጠፉት ይቺን ነው፤ በከፊሉ ስለተጣሉ ሙሉውን ይይዛሉ። የተጣላችሁበትን ያዙ፤ ያልተጣላችሁበትን ግን ዛሬውኑ ክፈሉ። የፍኖተ ሰላሟ ልጅ 4 ሺሁን በዕለቱ ብታገኝ ኖሮ ቢያንስ የቤት ኪራይዋን ትከፍል ነበር፤ ነገሩም የልመና ሳይሆን የክርክር ይሆን ነበር።

የቀረው ከጠቡ በፊት የሚደረግ ነው፤ አስቸጋሪም አይደለም። ሥራው ከየት እስከ የት እንደሆነ ጻፉ፤ «ከዚች ግራር እስከዚያ ቦይ»። ማስተካከያ ስንት ጊዜ እንደሆነ ቁረጡ፤ ከሁለት ካለፈ ዋጋ አለው በሉ። ቀብድ ሳትቀበሉ አትጀምሩ፤ ቀብድ ሳትሰጡም «ለምን ዘገየ» አትበሉ። ትልቅ ሥራ ከሆነ ከፋፍሉት፤ ጤፉም በአንድ ቀን አይታጨድም፤ አሥር ገጽ አስረክቡ፣ የአሥር ገጽ ተቀበሉ። እንዲህ ከሆነ ቢከዳዱም የሚጠፋው የአሥር ገጽ ድካም ነው እንጂ የስልሳ አይደለም። ካልተማመናችሁ ሁለታችሁም የምታውቁትን ሰው መሐል አስገቡና ገንዘቡን እሱ ይያዝ። ከግንቦት 2013 ዓ.ም ወዲህ ቴሌብር አለ፤ ለአንድ የታመነ ሰው መላክ የደቂቃ ሥራ ነው። ያ ሰው የድሮው ዋስ ነው፤ ስልክ ያዘ እንጂ አልተለወጠም። «ልኬያለሁ» ተብሎ የመጣን የደረሰኝ ፎቶም አትመኑ፤ የራሳችሁን ሒሳብ እዩ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ተብሏል። የምትጠብቁት ሰው ዝም ካለ ደግሞ ከመሳደባችሁ በፊት መስመር መኖሩን በዘመድ፣ በጎረቤት አጣሩ፤ በእኛ አገር ዝም ያለ ሁሉ የካደ አይደለም።

ከሁሉም በላይ ግን ይሉኝታውን እንተወው። ስለ ዋጋ መጠየቅ ስግብግብነት የሚመስላቸው ልጆች አሉ፤ ቤተሰባቸው ጨዋ አድርጎ ያሳደጋቸው ናቸው። እኔ የምላቸው እናንተን ያሳደጉ ገበሬዎች ማሳውን ሳይዞሩ ማጭድ አያነሱም ነው። ጨዋነትማ እነሱ ጋ ነበር። ሰው የሚከባበረው ሒሳቡ ግልጽ ሲሆን ነው፤ ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ።

አሠሪ ሆይ፣ የሚቀጥለውን ሥራ ስትሰጥ «እንተሳሰባለን» ልትል አፍህን ስትከፍት አንድ ቁጥር ጨምርበት። «እንተሳሰባለን፤ 9 ሺህ ብር፣ ሲሶው አሁን» በል። ቃሉ ያኔ ሒሳብም ሐሳብም ይኖረዋል። አንቺም እህቴ፣ ቁጥሩ ካልመጣ ላፕቶፑን አትክፈቺው።